የአረጋውያን ፖሊሲ አርቅቁ ለተባላችሁ

የፌዴራል መሥሪያ ቤት ረቂቅ ሰነድ ሲኖረው አዳማ ይመጣል። ሆቴሉ ብዙ ነው፣ አየሩ ሞቅ ያለ ነው፣ በፍጥነት መንገዱ ቅርብ ነው፣ አበልም ይታሰባል። እኔ ዕድሜዬን በፕላን ሥራ የጨረስኩ የፍራንኮ ሰፈር ጡረተኛ ነኝ። በእነዚህ አዳራሾች ስንቱን ረቂቅ አንብቤያለሁ፣ አርሜያለሁ። በቅርቡ ሥራ የያዙ ልጆች ደግሞ "እትዬ፣ ለአረጋውያን ፖሊሲ ግብዓት አዘጋጁ ተባልን፣ ከየት እንጀምር?" እያሉ ይደውሉልኛል። በስልክ ከምደጋግመው ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር። የውጭ ሰነድ አውርዳችሁ የሀገር ስም ብቻ ቀይራችሁ አታምጡ። ጃፓን ውስጥ ከ10 ሰው ወደ 3 የሚጠጋው 65 ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ2000 የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን የጀመሩት ለዚያ ነው። እኛ ዘንድ 60 ያለፈው ከ100 ሰው 5 ገደማ ነው። ጉዳዩ ሌላ ነው፣ መልሱም ሌላ ይሆናል።

ታዲያ ይህን 5 በመቶ ስታቀርቡ አንድ ኃላፊ "እኛ እኮ ወጣት ሀገር ነን" ማለቱ አይቀርም። መልሱን ይዛችሁ ግቡ። የተባበሩት መንግሥታት ግምት ሕዝባችንን ከ130 ሚሊዮን በላይ ያደርሰዋል። የዚህ 5 በመቶ 6.5 ሚሊዮን ሰው ነው። ሁለተኛው መልስ ፍጥነቱ ነው። በፈረንሳይ የ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ሰዎች ድርሻ ከ7 ወደ 14 በመቶ ለማደግ ከ100 ዓመት በላይ ወስዶበታል። ጃፓንን የወሰደባት ከ1970 እስከ 1994 እ.ኤ.አ. ብቻ ነው፤ 24 ዓመት። ዘግይቶ የጀመረ ሀገር ለመዘጋጀት የሚያገኘው ጊዜ ያነሰ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ፖሊሲው ለማን ነው? "ለአረጋውያን" ብላችሁ ከመለሳችሁ ገና ግማሹን ነው ያያችሁት። ዛሬ 30 ዓመት የሆነው የባጃጅ ሹፌር በ2048 ዓ.ም. 60 ይሞላዋል። ፖስታ ቤት አካባቢ ጀበና ቡና የምትሸጠው ልጅም እንዲሁ። ዛሬ ያረጁት ሰዎች ምግብ፣ መድኃኒትና ቤት ይፈልጋሉ። የዛሬ ወጣቶች የሚፈልጉት ደግሞ ሲያረጁ እጃቸው እንዳያጥር አሁን የሚጀመር ሥራ ነው። ሁለቱን በአንድ ምዕራፍ ካቀላቀላችሁ ሁለተኛው ይዋጣል። የሚያለቅስለት ስለሌለ።

ይህን ማየት የሚፈልግ ወንጂ ይሂድ። ከአዳማ ቅርብ ናት። ስኳር ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለሠራተኛ መንደሮቹ ውሃ የተቀዳው ከጉድጓድ ነበር። የስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ የወንጂ ጉድጓዶች ይህን በብዙ እጥፍ ያልፉ ነበር። በልጅነት የጠጣው ጥርሱ ቡናማ ሆነ። የናዝሬት ልጅ በጥርሱ ይለያል ሲባል ሰምታችኋል አይደል? የጥርሱ ነገር ቀላሉ ነው። ለብዙ ዓመት የጠጣው አጥንቱ ጠነከረ፣ የጀርባው አንጓ ተያያዘ፣ አንገቱ አልዞር አለ። ተመራማሪዎች በወንጂ ሸዋ ሠራተኞች ላይ ይህን አጥንተው ጽፈውታል። ቀና ማለት ያልቻለ ሽማግሌ በከዘራ ሲሄድ ብታዩ እርጅና ብቻ አይምሰላችሁ። በጉልምስናው የጠጣው ውሃ ነው።

ስለዚህ ረቂቃችሁ ውስጥ የውሃ ሚኒስቴር ከሌለ ጎደሎ ነው። የሥራ ቦታ ደኅንነትም እንዲሁ። "የአረጋውያን ጉዳይ የማኅበራዊ ጉዳይ ነው" የሚል ካለ የወንጂን ታሪክ ንገሩት።

ቀጥሎ ቆጠራ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ብዙ ረቂቅ የሚወድቀው እዚህ ነው። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራችን የ1999 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ 73.7 ሚሊዮን ነበርን። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ትንበያና የናሙና ጥናት ነው። ችግሩ ዓመቱ መራቁ ብቻ አይደለም። የዕድሜ ሠንጠረዡን ነጠላ ዓመት በነጠላ ዓመት ካያችሁት 60 ዓመት ነኝ ያለው ሰው 61 ነኝ ካለው በእጅጉ ይበልጣል። 70ም ከ71 እንደዚያው። እናቶቻችን የልደት ቀናቸውን አያውቁትም፣ ቆጣሪው ሲጠይቅ ክብ ቁጥር ይሰጣሉ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ያኔ የተመዘገበ ሕፃን እስኪያረጅ የልደት ወረቀት አያድነንም።

እስከዚያ ዕድሜ የሚጠየቀው በታሪክ ነው። "እናቴ፣ ስንት ዓመትዎ ነው?" አትበሉ። "አብዮቱ ሲፈነዳ አግብተው ነበር? የዕድገት በኅብረት ዘማቾች ሲመጡ ልጅ ነበረዎት? በ77ቱ ድርቅ ስንተኛውን ልጅ ወልደው ነበር?" በሉ። በ1966 18 ዓመት የሞላት ሴት በ2018 70 ናት። እንዲህ ያለ የአካባቢ የዘመን መቁጠሪያ ለየክልሉ ይዘጋጅና ከፖሊሲው ጋር በአባሪነት ይያያዝ። ቀላል ሥራ ነው፣ ግን የሚሠራው ሲጠፋ አያለሁ። ፋይዳ መታወቂያ ይህን ያቃልላል የሚሉ አሉ፤ ማንነትን ለመለየት አዎ። ዕድሜን ግን ሰውየው ከተናገረው በላይ አያውቅም። በሥራ ብዛት የጣት አሻራዋ የጠፋ አሮጊት በማሽኑ አልነበብ ስትል ምን እንደሚደረግም አብራችሁ ጻፉ።

ሌላ የመረጃ ምንጭ አለ፤ የዕድር መዝገብ። ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን ባሏን እንደቀበረች፣ የማን ልጆች ዓረብ ሀገር እንደሄዱ ከቀበሌው ይልቅ የዕድር ጸሐፊ ያውቃል። መዋጮ ያቋረጠ ቤትም እዚያ ይታያል። አረጋዊ ሰው ምግቡን ቀንሶ ዕድሩን ይከፍላል፤ ዕድር ካቋረጠ ነገሩ ብሶበታል ማለት ነው። መዝገቡን ግን ነጥቃችሁ አትሂዱ። የዕድሩን ዳኛ አስፈቅዱ፣ ስም ሳይሆን ቁጥር ውሰዱ።

አሁን ገንዘብ። ረቂቁ ውስጥ በጣም ላብ የሚጠይቀው ክፍል ይህ ነው።

ጡረታ ያለው ማን ነው? የመንግሥት ሠራተኛው ከድሮም ነበረው። የግል ድርጅት ሠራተኛው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ገባ። የመንግሥት ሠራተኛውም የግሉም የጡረታ አዋጆች በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተክተዋል። ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ ያዋጣል፣ ድርጅቱ 11። መጦሪያው 60 ዓመት ነው፣ ለዘለቄታ አበል ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። 10 ዓመት የሠራ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ያገኛል፤ ከዚያ በላይ ለሠራው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ይህን ስሌት በቃላችሁ ያዙት። ስብሰባ ላይ የማያውቅ ባለሙያ ብዙ አይቻለሁና።

ከዚህ ስሌት የምታነቡት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጡረታ የወጣ ሰው አበል ትናንት ከነበረው ደመወዝ ጋር የታሰረ ነው። ጤፍ ደግሞ የዛሬውን ዋጋ ነው የሚጠይቀው። የአበል ማስተካከያ መቼና በምን መለኪያ እንደሚደረግ ፖሊሲው በግልጽ ያስቀምጥ። ሁለተኛ፣ ከ10 ዓመት በታች ሠርታ የምትወጣ ልጅ አለች። ኢንዱስትሪ ፓርክ ገብታ ጥቂት ዓመት ሰፍታ ወይ ወደ ቤቷ ወይ ወደ ውጭ የምትሄደው። መዋጮ ከፍላለች፣ ጡረታ ግን አይኖራትም። ሥራ ስትቀያይር አገልግሎቷ እንዳይበተን ምን ይደረግ? እዚህ ላይ አንድ ገጽ ጻፉ።

ጡረታ የሌለውስ? አብዛኛው ሰው እዚህ ነው። ገበሬው፣ ጋሪ ነጂው፣ ጉልት ቸርቻሪዋ፣ ደላላው፣ የቤት ሠራተኛዋ። ሕጉ መደበኛ ባልሆነው ዘርፍ ያሉ ሰዎች በፈቃዳቸው እንዲገቡ በሩን ገርበብ አድርጎታል። ግን ማነው ቢሮ ሄዶ ቅጽ ሞልቶ በየወሩ የሚከፍለው? የባጃጅ ልጅ ገቢው የቀን ነው። ዕቁቡንም በቀን ወይም በሳምንት ነው የሚጥለው። የጡረታ መዋጮ ለእሱ ከታሰበ ክፍያው በዕቁቡ ልክ ይሁን፤ በቀን፣ በትንሽ በትንሹ፣ በቴሌብር። ወር ያመለጠው አይቀጣ። ደመወዝተኛ በሚታሰብበት ጭንቅላት የተነደፈ መዋጮ ለባጃጅ ልጅ አይሠራም።

አሁኑኑ ላረጁት ደግሞ መዋጮ አይጠየቅም፣ ያመለጣቸው አምልጧቸዋል። ለእነሱ ከበጀት የሚከፈል አበል ነው ያለው። የከተማ ሴፍቲኔት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲጀመር አዳማ ከመጀመሪያዎቹ 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። መሥራት የሚችለው በአካባቢ ልማት ሥራ፣ የማይችለው በቀጥታ ድጋፍ ታቅፏል። ሥራው መልካም ነው። ግን ድሃን ከድሃ የሚለየው የቀበሌ ኮሚቴ ነው። ልጇ መኪና አለው ተብላ የምትቀር እናት አለች፤ ልጁ ግን ከጠየቃት ቆይቷል። ድሃ ነኝ ብሎ ጎረቤት ፊት መቆም ደግሞ ለሽማግሌ ሞት ነው። የሰው ፊት እሳት ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም ይህ ነው፤ አልስማማም የሚል ይከራከረኝ። በድህነት ከመለየት በዕድሜ መለየት ይሻላል። ከፍ ካለ ዕድሜ ጀምሩ፣ ለሁሉም ስጡ፣ አቅም ሲገኝ ዕድሜውን አውርዱ። ኔፓል እ.ኤ.አ. በ1995 ከ75 ዓመት ጀመረች፣ ኋላ ወደ 70 አወረደችው። ሌሶቶ እ.ኤ.አ. በ2004 ከ70 ጀመረች። ዛንዚባር እ.ኤ.አ. በ2016 ከ70። ኬንያ በድህነት እየለየች ቆይታ እ.ኤ.አ. በ2018 ጡረታ ለሌላቸው የ70 ዓመትና ከዚያ በላይ ሰዎች ሁሉ ከፈተችው። ሌሶቶም ኔፓልም ሀብታም አይደሉም።

"ከየት ይመጣል?" የሚለውን ጥያቄ በቁጥር መልሱ። ለስሌት ያህል፣ 70 የሞላቸው 2 ሚሊዮን ሰዎች አሉ እንበል። በወር 500 ብር። በዓመት 12 ቢሊዮን ብር ይመጣል። የማስተዳደሪያ ወጪ ጨምሩበት። ከዚያ 65 ብትሉ፣ 75 ብትሉ፣ 300 ብር ብትሉ ስንት እንደሚሆን በአንድ ገጽ አሰልፉት። ገንዘብ ሚኒስቴር የሚመጣው ሰው የሚያነበው ገጽ ያ ብቻ ነው። ሌላውን በሻይ ሰዓት ያገላብጠዋል።

ቤተሰብስ? ሁሉም ረቂቅ "ባህላችን አረጋውያንን ያከብራል" ብሎ ይጀምራል። ያክብር፣ እኔም ስገባ ወንበር ይለቀቅልኛል። ግን ወንበር እንጀራ አይሆንም። በሕጉ በኩል፣ በአዋጅ 213/1992 የወጣው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ በወላጅና በተወላጅ መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታ አስቀምጧል። ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ታዲያ የትኛዋ እናት ናት ልጇን በቀለብ ከሳ ፍርድ ቤት የምትቆመው? እንኳን ልትከስ ጎረቤት ሲያማው አትወድም። ፖሊሲው በክስ ላይ አይደገፍ። ሽማግሌዎችና የሃይማኖት አባቶች ያስማሙ፣ ስምምነቱ ግን በማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ሌላው የሚረሳው ሰው ጧሪው ራሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሴት ልጅ ናት ወይም ምራት። ሥራ ትታ አልጋ የያዘ አባት ታነሣለች፣ ታጥባለች፣ ታበላለች። ለእሷ እፎይ የምትልበት አንድ ቀን በሳምንት ብታመቻቹ ከብዙ መግለጫ ይበልጣል።

ጤናን በአጭሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር 16 ፓኬጆች ነበሩት፣ ትኩረቱ ባብዛኛው እናቶችና ሕፃናት ነበሩ። የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትሄድ አያትየው ጥግ ተቀምጠው ያይዋታል። ደም ግፊታቸውን ትለካ። ዓይናቸውን ትይ። በሀገራችን የዓይነ ስውርነት ዋናው ምክንያት ሞራ ነው፣ በአጭር ቀዶ ሕክምና የሚድን። ብር ለማውጣት ከተቸገራችሁ ከሞራ ጀምሩ፤ የዳነ ሽማግሌ መሪ አይፈልግም፣ የሚመራው የልጅ ልጅም ትምህርት ቤት ይመለሳል። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባልነት በቤተሰብ ስለሆነ ብቻዋን የምትኖር መበለት መዋጮ እንዴት እንደሚታይም ጻፉ።

ቤትና መንገድ። ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ለአረጋዊ እስር ቤት ነው። ዕጣ ሲወጣ ምድር ቤት ለማን እንደሚሰጥ ደንብ ይኑር። መንደር ሲነሣ ደግሞ ጎረቤት ከጎረቤት፣ ዕድርም ከነአባላቱ አንድ ቦታ ይስፈር። ይህን ያህል በቂ ነው።

አረጋውያንን ስለማወያየት። አንድ ጊዜ፣ ሆቴሉን አልጠራም፣ ስለ አረጋውያን የተጠራ ስብሰባ ሊፍቱ በተበላሸ ሕንፃ ፎቅ ላይ ተደርጎ አይቻለሁ። ተጋባዦቹ ደረጃ ሲወጡ ጉባኤው ሩብ ሰዓት ዘገየ። እናንተ ምድር ቤት ያዙ፣ መጸዳጃው ቅርብ ይሁን። ጠዋት አድርጉት፣ አዳማ ከሰዓት አይቻልም። ዓርብ ለጁምዓ፣ በዓል ቀን ደግሞ ለቤተ ክርስቲያን ይተው። አፋን ኦሮሞና አማርኛ እኩል ይነገር፣ ፓወርፖይንት ቢቀር ጥሩ ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን የማኅበር ተወካይ ብቻ አትጥሩ። ተወካዩ ባብዛኛው ደመወዝተኛ የነበረ ወንድ ነው፣ እንደ እኔ ጡረታ ያለው። ጡረታ የሌላት ጉልት ቸርቻሪ የምትናገረው ሌላ ነው። እሷ ዘንድ ገበያ ሂዱ፣ ቀኗን ስለምታባክኑባት ክፈሏት። ጡረተኛውን ደግሞ አበል በሚወጣበት ሰሞን ባንክ በር ላይ ታገኙታላችሁ። ሰልፍ ላይ ያለ ሰው ለወሬ ጊዜ አለው።

ስትጽፉ የድሮውን አንብቡ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ይላል። ከ1998 እስከ 2007 ዓ.ም. የሚዘልቅ ብሔራዊ የአረጋውያን የድርጊት መርሐ ግብር ነበረን። የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲውም አለ። ከዚያ መርሐ ግብር ምን ተፈጸመ፣ ምን ቀረ፣ ለምን ቀረ? አዲሱ ረቂቅ ይህን ሳይመልስ ራዕይና ተልዕኮ ቢደረድር ዋጋ የለውም። ከዚያ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በሦስት ጥያቄ ፈትሹት። ማን ይሠራዋል? መቼ? ከየትኛው በጀት? "ይሠራል፣ ይጠናከራል፣ ትኩረት ይሰጠዋል" የሚለው ሁሉ ባለቤት ካልተጻፈለት ሰርዙት። ፌዴራል ይጽፋል፣ ክልል ያጸድቃል፣ የሚከፍለው ግን ወረዳ ነው። ወረዳ ላይ የማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በጀት ድልድል ሲመጣ ወረፋው መጨረሻ ነው። ስለዚህ የሥራ ዝርዝሩን ስትጨርሱ ወረዳ ወስዳችሁ "ይህን በስንት ሰው ትሠሩታላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ሠራተኛ ብቻ ካለ ዝርዝሩን ለአንድ ሠራተኛ ቀንሱት።

በመጨረሻ የሪፖርት ቅጹን ራሳችሁ ሥሩት፣ ለሌላ አትተዉት። አሁን ብዙ ቅጽ ላይ "60 እና ከዚያ በላይ" የሚል አንድ ዓምድ ብቻ ነው ያለው። 62 ዓመት ሆኗቸው ሱቅ የሚሠሩ ሰውና 85 ሆኗቸው አልጋ ላይ ያሉ ሰው በአንድ ቁጥር ይገባሉ። ከ60 እስከ 69፣ ከ70 እስከ 79፣ 80 እና ከዚያ በላይ ብላችሁ ክፈሉት። ሴትና ወንድ ለየብቻ። ብቻውን የሚኖር፣ ከልጅ ጋር የሚኖር፣ የልጅ ልጅ የሚያሳድግ የሚል ሌላ ዓምድ ጨምሩ። ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ። ከበለጠ የወረዳዋ ልጅ በግምት ትሞላዋለች።